ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ



በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች መብረቅ የሚበዛው ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ነው። ልጆች ከቁርኣን ቤት የሚመለሱት፣ ከብት የሚገባው፣ አባቶችም ለዐስርና ለመግሪብ ሶላት ከቤት የሚወጡት በዚሁ ሰዓት ነው። በዚህ ወር ስለ ምግብ ማውራቱን ትተን ስለ መብረቅ ልናወጋችሁ የወደድነውም ለዚህ ነው።

አፍሪካ መብረቅ የሚበዛባት አህጉር ናት። ከ1998 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) በሳተላይት የተሰበሰበ መረጃን መሠረት ያደረገና በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በዓለም ላይ መብረቅ እጅግ ከሚበዛባቸው 500 ቦታዎች 283ቱ አፍሪካ ውስጥ መሆናቸውን አሳይቷል።

ነጎድጓድ የመብረቁ ድምፅ ነው። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታ ስታዩ ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ዝናቡ እናንተ ዘንድ ገና ባይደርስም ቀጣዩ በአጠገባችሁ ሊወርድ ይችላል። ወዲያው ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍም አትውጡ።

“ጀመዓ ሊያመልጠኝ ነው” የሚል አይጠፋም። ከባድ ዝናብ ሲኖር በቤት መስገድን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቅደዋል። ውዱእ ስታደርጉም ከቧንቧ ሳይሆን አስቀድማችሁ በጆግ ከቀዳችሁት ውኃ ይሁን፤ መብረቅ በብረት ቧንቧና በኤሌክትሪክ ሽቦ ቤት ድረስ ይመጣልና። ቴሌቪዥኑንም ዝናቡ ሳይጀምር ከሶኬት ንቀሉት። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚባለው ግን መሠረት የለውም።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዛፉን የመታው መብረቅ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፤ በመሬቱም ላይ ይሰራጫል። የፊትና የኋላ እግሮቻቸው የተራራቁ ከብቶች አንድ ዛፍ ሥር በአንዴ በርከት ብለው የሚሞቱት በዚህ ነው። የሣር ጎጆና የእረኛ ዳስም አያስጥሉም። በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ግን ጥሩ መጠለያ ነው። ሜዳ ላይ ከተያዛችሁ ከኮረብታው ውረዱ፣ ተራራቁ፣ መሬት ላይም አትተኙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በመብረቅ የተመታ ሰው ሲወድቅ “እንዳትነኩት፣ ይይዛችኋል” ይባላል። በአፈር ይቀበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። በሰውየው ገላ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ያለ ስጋት ይነካል። አፈሩ ደግሞ መተንፈሻውን ከማፈንና ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያደርገው ነገር የለም።

መብረቅ ከመታቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የሚሞቱት በአብዛኛው ልባቸውና ትንፋሻቸው ወዲያው የቆመባቸው ናቸው። ልብ በራሱ ተመልሶ መምታት ሊጀምር ይችላል፤ ትንፋሹ ግን ዘግይቶ ስለሚመለስ በዚህ መሃል ሰው ካልደረሰለት ልቡ ዳግም ይቆማል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንዴ ከተመታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን የሞተ ለሚመስለው ነው። በጀርባው አስተኙት፤ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሰረጉድ ተጫኑ። በየ30ው ግፊት አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ሁለት ጊዜ ተንፍሱለት። እናንተ ሳታቋርጡ ሌላ ሰው 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። የነቃውም ቢሆን ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አይሂድ፤ የጆሮ፣ የዓይንና የልብ ጉዳት ቆይቶ ሊታይ ይችላል።