ጳጉሜ የምታሳስተው የቡና ግራፍ

ዘጌ የምትኖረው ከገዳማቱ ደን ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና ነው። በነባሩ ልማድ መሬቱ ስለማይታረስ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በጀልባም በመኪናም ወደ ባሕር ዳር ወጥቶ ይሸጣል፤ እህሉም በዚያው ይሸመታል። የገበያው ውሎ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በነጋዴውና በደላላው ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ የወራቱን ልዩነት ባንድ ዓይን የሚያሳየው በኤክሴል የሚሠራው የዓምድ ግራፍ ነው። ያልተጠነቀቁበት ግራፍ ግን ገበያው ሳይወድቅ ወደቀ ያሰኛል፤ ክምችቱንም በርካሽ ያስለቅቃል።

ዘዴው የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው አትላስ ላይ ስኮትላንድ ከ17 አገሮች ጋር ያደረገችውን የአንድ ዓመት ንግድ በዘንግ አሰልፎ አሳይቷል። ይህን የመረጠው ለስኮትላንድ የብዙ ዓመት አሃዝ ስላላገኘ ነበር። አሃዙ ጥቂት ለሆነበት የዘጌ ነጋዴም ነገሩ ያው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ"ኤ" ሥር የወራቱ ስም፣ በ"ቢ" ሥር የተገዛው መጠን ይሞላል። ሴሉ ውስጥ መግባት ያለበት 60 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። "60 ፈረሱላ" ተብሎ ከተጻፈ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ዓምዱ ከመሬት አይነሳም። መለኪያው ከላይ በርዕሱ ላይ ይጠቀስ። ከዚያ ሰንጠረዡን በማውዝ መርጦ "ኢንሰርት" ከሚለው ሥር የዓምዱን ሥዕል መጫን ነው። "ኦልት"ን ይዞ "ኤፍ1"ን መጫንም ያንኑ ይሠራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዘመን አቆጣጠሩ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ጥቅምት 30ን "30/2" ብሎ የጻፈ ሰው በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርበታል፤ ጥቅምት 20 ግን ያለ ምንም ምልክት ፌብሩዋሪ 20 ይሆናል። ስለዚህ ወሩን በስሙ፣ በአማርኛ መጻፍ ይመረጣል። በወር ፋንታ ዓመተ ምሕረት የሚደረደር ከሆነ ደግሞ ከዓመቶቹ በላይ ያለው የማዕዘን ሴል ባዶ ይተው። አለበለዚያ ፕሮግራሙ 2015ን እንደ ቡና መጠን ቆጥሮ ከሁሉ የረዘመ ዓምድ ሊያቆምለት ይችላል።

ከሁሉ የምትብሰው ግን ጳጉሜ ናት። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በሐምሌ 60፣ በነሐሴ 54፣ በጳጉሜ 10፣ በመስከረም 63 ፈረሱላ ገዛ እንበል። ግራፉ ጳጉሜ ላይ ገደል ይገባል። ያየው ሁሉ ቡናው ጠፋ ወይም ገዥ ሸሸ ይላል። በቀን ሲካፈል ግን ሐምሌ 2፣ ነሐሴ 1.8፣ የአምስት ቀኗ ጳጉሜ 2፣ መስከረም 2.1 ይሆናሉ። እንዲያውም ደካማዋ ነሐሴ ነበረች! ስለዚህ በ"ሲ" ሥር የቀኑ ብዛት፣ በ"ዲ" ሥር "=ቢ2/ሲ2" ተጽፎ ግራፉ ከ"ዲ" ይሠራ። ጳጉሜ እንደ 2015 ዓ.ም. ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመትም አይረሳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ለሚገዛ ሰው ይህም አይበቃውም። በጳጉሜ ቅዳሜ ጨርሶ ላይውል ስለሚችል እርሷን ከነሐሴ ጋር ደምሮ በገበያ ቀናቱ ቁጥር ማካፈሉ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የቋሚው መስመር መነሻ ነው። ዋጋው በኪሎ ከ100 ወደ 106 ብር ቢወጣ ጭማሪው 6 ከመቶ ነው። መስመሩ ከ98 ከጀመረ ግን አንዱ ዓምድ ሁለት፣ ሌላው ስምንት ስለሚሆን ዋጋው አራት እጥፍ የናረ ይመስላል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ተንኮለኛ ደላላ አይደለም፤ ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ኤክሴል ራሱ መነሻውን ከዜሮ ከፍ ያደርገዋል። ቋሚውን መስመር በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ "ፎርማት አክሲስ" ውስጥ "ሚኒመም" የሚለውን 0 ማድረግ ያስፈልጋል። ጥቃቅኑን የዋጋ ለውጥ ለማየት ለሚፈልግ የመስመር ግራፍ አለለት።

ማስዋቡ ብዙ አያሻም። ባለሦስት ገጽታው ዓምድ ዓይን ቢስብም ቁመቱን በትክክል ለማንበብ ያስቸግራል፤ ቢቀር ይሻላል። በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ "ጋፕ ዊድዝ" የሚባለው፣ ከ50 እስከ 80 ከመቶ ቢሆን ያምራል። የሚጋደመው መስመር ወጥቶ ቁጥሩ በዓምዱ አናት ላይ ቢጻፍ፣ ቀለሙ አንድ ሆኖ ትኩረት የሚሻው ወር ብቻ ቢለይ ይበቃል።

ከግራፉ በፊት መለኪያው አንድ መሆኑ ይጣራ። ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ጀንፈልና የተበጠረ ቡና ባንድ ተራ አይደመሩም፤ ጀንፈሉ ሲቀሸር ክብደቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የኒውዮርክ ገበያ ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው በፓውንድ፣ በአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንድ ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ያህል ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም የሚሻ ነጋዴ በየወሩ የምንዛሪ ተመን ይመንዝር። የብር ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ስለተለቀቀ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ወራት በብር ብቻ ከተነጻጸሩ ከቡናው ይልቅ የምንዛሪው ለውጥ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ዓምድ በብር ሌላው በዶላር ሆኖ በሁለት ግራፍ ቢቀርብ ልዩነቱ ወዲያው ይለያል።

ለገዥ በስልክ ሲላክ ግራፉን እንደ ሥዕል ገልብጦ መላክ ያዋጣል። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የወር ስም ፎንቱ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ በዩኒኮድ የተጻፈው ግን የግዕዝ ፎንት ባለበት መሣሪያ ሁሉ ይነበባል።