የጂን ቅደም ተከተል ፋይሎችን በትእዛዝ መስመር በጅምላ ስለ ማዘጋጀት

መግቢያ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ ዘነበ ወርቅ እየተባለ በሚጠራው ሠፈር የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማእከል ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ በዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሥርቷል። ኢንስቲትዩቱ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ለይተው ባወቁት በኖርዌያዊው ሐኪም ስም ነው። በእኒህ ሐኪም ዘመን የተመራማሪው ዋና መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። ዛሬ ግን ተመራማሪው የባክቴሪያውን መልክ ከማየት አልፎ በውስጡ የተጻፈውን የዘር መልእክት ፊደል በፊደል ለማንበብ ችሏል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1998፣ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትመዋል። የመጀመሪያው ከ4.4 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ከ3.2 ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። የአርማወር ሀንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያ የነቀርሳ ሕሙማን የተገኙ 964 ናሙናዎችን በሞለኪውል ዘዴ መርምሮ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በጥብቅ የተያያዘ፣ ቀደም ሲል በዝርዝር ያልታወቀ የባክቴሪያ የዘር ሐረግ መኖሩን ገልጿል። ይህ ሐረግ በዛሬው አጠራር ሰባተኛው የዘር ሐረግ ይባላል።

የናሙናው ቁጥር ሲበዛ ከላቦራቶሪው ቀጥሎ ያለው ሥራ የኮምፒዩተር ሥራ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ሥራ በምን ዓይነት ሥርዐት እንደሚከናወን፣ በየት በኩል ስሕተት እንደሚገባበትና ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

1. የፋይሎቹ ባሕርይ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚሰጠው የባዮሎጂ ትምህርት፣ ዲ.ኤን.ኤ. የሚጻፈው በአራት ቤዞች ማለትም በአዴኒን፣ በሳይቶሲን፣ በጉዋኒንና በታይሚን ነው። ማንበቢያው መሣሪያ ግን ይህን ረጅም ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አያነበውም። በአሁኑ ጊዜ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ጽሑፉን በጣም ብዙ ወደ ሆኑ አጫጭር ቁራጮች ከፍሎ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ያነባል። ውጤቱም ፋስትኪው በሚባል የፋይል ዓይነት ይመዘገባል።

በፋስትኪው ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ንባብ አራት መስመሮች ይመደባሉ። የመጀመሪያው መስመር በኢሜይል አድራሻ ላይ በሚታወቀው የ«አት» ምልክት ይጀምርና የንባቡን መለያ ይይዛል፤ ሁለተኛው የቤዞቹን ፊደላት፣ ሦስተኛው የመደመር ምልክትን ይይዛል፤ አራተኛው ደግሞ የእያንዳንዱን ፊደል የታማኝነት ደረጃ በምልክት ያሳያል። ደረጃው 20 ከሆነ ፊደሉ ስሕተት የመሆኑ ዕድል ከ100 አንድ፣ 30 ከሆነ ከ1,000 አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ቁራጩ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚነበብ አንድ ናሙና ሁለት መንታ ፋይሎች ይኖሩታል። ስለዚህ 48 ናሙናዎች 96 ፋይሎችን ያስከትላሉ ማለት ነው።

2. የጅምላ ሥራ አስፈላጊነት

እያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ በአምስት ደረጃዎች ያልፋል። እነዚህም፣ የንባቡን ጥራት መመርመር፣ ታማኝነት የጎደላቸውን ጫፎች መከርከም፣ ቁራጮቹን ከታወቀው የማመሳከሪያ ቅደም ተከተል ጋር ማስተያየት፣ እንደ ቦታቸው መደርደር፣ በመጨረሻም ከማመሳከሪያው የተለዩትን ፊደላት መዝግቦ ማውጣት ናቸው። አምስቱን ደረጃዎች ለ48 ናሙናዎች በእጅ የሚፈጽም ሰው 240 ጊዜ የፋይል ስም መምረጥና ትእዛዝ መስጠት ይኖርበታል። በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ የናሙና 17ን ፋይል በናሙና 18 ስም ቢያስቀምጥ፣ ኮምፒዩተሩ አንዳችም ተቃውሞ ሳያሰማ ሥራውን ይቀጥላል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ቀላል አይደለም። ሪፋምፒሲን ለተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ባክቴሪያው ተቋቋሚ የሚሆንበት የታወቀ ምክንያት አርፒኦቢ በተባለው ጂን ውስጥ የሚደርስ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው። ቲ፣ ሲ፣ ጂ የነበረው ቃል ቲ፣ ቲ፣ ጂ ሲሆን፣ በፕሮቲኑ ላይ ሴሪን የነበረው አሚኖ አሲድ ወደ ሉሲን ይለወጣል፤ መድኃኒቱም በባክቴሪያው ላይ ኀይል ያጣል። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደላት ውስጥ አንዱ ሕክምናን የሚለውጥ ከሆነ፣ የሁለት ሰዎች ፋይል መለዋወጥ ሁለቱንም ከተገቢው መድኃኒት ሊያርቃቸው ይችላል። በመሆኑም የጅምላ ሥራ ዋነኛ ጥቅም የሰውን ጊዜ መቆጠቡ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ሥርዐት መፈጸሙና የተፈጸመውም ነገር በጽሑፍ መቅረቱ ነው።

3. የትእዛዝ መስመር ምንነት

የትእዛዝ መስመር ማለት ተጠቃሚው በሥዕልና በመጠቆሚያ ፈንታ ቃል እየጻፈ ኮምፒዩተሩን የሚያዝዝበት መንገድ ነው። አሠራሩ በዛሬ መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች ከተጀመረው የዩኒክስ ሥርዐት ወዲህ ሲሆን፣ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዐትም ይህንኑ ፈለግ ይከተላል።

የዩኒክስ አሠራር መሠረተ ሐሳብ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድን ሥራ ብቻ አጥርቶ እንዲሠራ፣ ከባዱም ሥራ ፕሮግራሞችን በመቀጣጠል እንዲፈጸም ነው። የአንዱን ውጤት ለሚቀጥለው የሚያቀብለው መሣሪያ «ፓይፕ» ማለትም ቧንቧ ይባላል፤ በዩኒክስ ውስጥ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚህ ዘዴ ቢደብልዩኤ የተባለው ፕሮግራም ቁራጮቹን ከማመሳከሪያው ጋር እያስተያየ የሚያወጣውን ውጤት ሳምቱልስ የተባለው ሌላ ፕሮግራም እየተቀበለ ይደረድረዋል። በመካከል ትልቅ ፋይል ማስቀመጥ ስለማያስፈልግ የማከማቻ ቦታ ይተርፋል።

4. የድግግሞሹ አሠራር

በትእዛዝ መስመር ላይ ድግግሞሽ የሚታዘዘው «ፎር» በሚለው ቃል ነው። ትእዛዙ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቢሆንም፣ ሐሳቡ በአማርኛ ሲገለጥ የሚከተለውን ይመስላል።

በመዝገቡ ውስጥ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ናሙና፣
ሀ) ሁለቱን መንታ ፋይሎች በስሙ ፈልግ፤ አንዱ ከጎደለ አስታውቅና ወደሚቀጥለው እለፍ፤
ለ) የመጨረሻው ውጤት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፍ፤
ሐ) ከርክም፣ አስተያይ፣ ደርድር፣ ልዩነቱን አውጣ፤
መ) ውጤቱን በዚያው ናሙና ስም አስቀምጥ፤ የሆነውንም በማስታወሻ ፋይል ጻፍ፤
ናሙናው እስኪያልቅ ድገም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ «ናሙና» የሚለው ቃል ተለዋዋጭ መሆኑ ነው። በአልጀብራ ኤክስ የልዩ ልዩ ቁጥሮችን ቦታ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህም ቃል በየዙሩ የአንዱን ናሙና ስም እየያዘ ይሄዳል። የሚያነበውም ሆነ የሚጽፈው ፋይል ስም ከዚሁ ከአንድ ምንጭ ስለሚመነጭ ሰው በድካም የሚፈጥረው መቀያየር አይኖርም።

ሥራውን ከመጀመር በፊት «ኤኮ» የሚባለውን ትእዛዝ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት ማስቀደም ይጠቅማል። ኮምፒዩተሩ ሥራውን ሳይፈጽም ሊፈጽም ያሰበውን ብቻ በጽሑፍ ያሳያል። ይህም ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄውን አንብቦ እንደ ማረም ያለ ነው።

5. ሊደርሱ የሚችሉ ስሕተቶችና መከላከያቸው

ሀ) የስም አሰጣጥ። ናሙናዎች 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ሲሰየሙ ኮምፒዩተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድራቸው ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያም 11ን ያስቀምጣል፤ 2 የሚመጣው ከ19 በኋላ ነው። የሕሙማኑ ዝርዝር በቁጥር ተራ፣ ውጤቱ በፊደል ተራ ሆኖ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢገለበጡ የናሙና 10 ውጤት በናሙና 2 ባለቤት ላይ ይወድቃል። መከላከያው 01፣ 02፣ 03 ብሎ መሰየምና ሁልጊዜም በመለያ እንጂ በተራ አለማዛመድ ነው። ሮስተር የሞላ መምህር ይህን አደጋ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በስም ውስጥ ባዶ ቦታ መተውም አይገባም፤ ኮምፒዩተሩ አንዱን ስም ሁለት አድርጎ ሊያነበው ይችላልና።

ለ) የቆጠራ ስሕተት። በፋይሉ ውስጥ ስንት ንባብ እንዳለ ለማወቅ በ«አት» ምልክት የሚጀምሩትን መስመሮች መቁጠር ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ምልክት በአራተኛው መስመር ላይ የታማኝነት ደረጃ 31ን ስለሚወክል፣ የጥራት መስመርም በእርሱ ሊጀምር ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ መስመሮቹን ሁሉ ቆጥሮ ለ4 ማካፈል ነው። ፋይሉ የታመቀ ከሆነም አስቀድሞ መፈታት አለበት። የመንታዎቹ ቁጥር እኩል ካልሆነ ሥራው መቀጠል የለበትም።

ሐ) የምንጩ መጥፋት። ፋስታ በተባለው ሌላው የፋይል ዓይነት እያንዳንዱ ቅደም ተከተል በ«ይበልጣል» ምልክት ይጀምራል። በትእዛዝ መስመር ላይ ግን ይኸው ምልክት «ውጤቱን በዚህ ፋይል ላይ ጻፍ» ማለት ነው። ምልክቱን በጥቅስ ሳይከብብ በፋይሉ ውስጥ ሊፈልገው የተነሣ ሰው ፋይሉን በቅጽበት ባዶ ያደርገዋል፤ ኮምፒዩተሩም «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ከመሣሪያው የወጡት የመጀመሪያ ፋይሎች ለንባብ ብቻ እንዲፈቀዱ ማድረግ፣ ቅጂያቸውንም በሌላ ቦታ ማኖር ግዴታ ነው።

መ) የመቋረጥ አደጋ። በሥራው መካከል የኤሌክትሪክ ኀይል ቢቋረጥ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል። ድግግሞሹ እንደገና ሲጀመር ያን ፋይል አይቶ «ተዘጋጅቷል» በማለት ያልፈዋል። ይህን ለመከላከል ውጤቱ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ሥራው በደኅና መፈጸሙ ሲረጋገጥ ብቻ እውነተኛ ስሙ ይሰጠዋል።

ሠ) የተሰወረ ውድቀት። ፕሮግራሞች በቧንቧ ሲቀጣጠሉ ኮምፒዩተሩ በተለመደው አሠራሩ የሚያስታውቀው የመጨረሻውን ፕሮግራም ሁኔታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቢወድቅና የመጨረሻው በደረሰው ጥቂት ነገር ሥራውን ቢጨርስ ሁሉም የተቃና ይመስላል። «ፓይፕፌይል» የተባለውን ምርጫ አስቀድሞ ማዘዝ ይህን ስሕተት ያጋልጣል።

6. ለመምህራን ማሠልጠኛ ያለው ጠቀሜታ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በመጀመሪያ እይታ የጥቂት ተመራማሪዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከተጠቀሱት አምስት ስሕተቶች መካከል ከፍተኛ የሥነ ሕይወት እውቀት በማነስ ብቻ የሚመጣ አንድም የለም። ሁሉም የሚመጡት ስምን በሥርዐት ካለመስጠት፣ ቆጥሮ ካለማመሳከር፣ ምንጭን ካለመጠበቅና የሠሩትን ካለመመዝገብ ነው። እነዚህ ልማዶች ደግሞ የሚተከሉት ከላቦራቶሪው በፊት በክፍል ውስጥ ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ሊኑክስ፣ ቢደብልዩኤና ሳምቱልስ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ የነቀርሳ ባክቴሪያ ማመሳከሪያ ቅደም ተከተልም ለሕዝብ ክፍት ነው። ፋይሉ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ በኋላ ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔት ሊቀጥል ይችላል። ኮምፒዩተር በማይበቃበት ክፍል ደግሞ መምህሩ አሥራ ሁለት ወረቀቶችን በናሙና ስም አዘጋጅቶ፣ ግማሾቹ ተማሪዎች በቃል በሚሰጥ ትእዛዝ፣ ግማሾቹ በአንድ በተጻፈ ሥርዐት እንዲሠሩባቸው ማድረግ ይችላል። የሁለቱ ቡድን ውጤት ሲነጻጸር የጽሑፍ ሥርዐት ጥቅም ያለ ብዙ ንግግር ይታያል። ከዚያም ወረቀቶቹን ተለዋውጠው አንዱ ቡድን የሌላውን ሥራ በማስታወሻው ብቻ እየተመራ እንዲደግመው ቢደረግ፣ ሳይንሳዊ ሥራ ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል መሆን እንዳለበት ተማሪዎቹ በራሳቸው ይረዱታል።

ማጠቃለያ

ባለሙያው ማታ ትእዛዙን ሰጥቶ ሲሄድ ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ጧት የሚገኘው ውጤት ግን ከትእዛዙ የተሻለ ሊሆን አይችልም። መልካም ሥርዐት 96 ፋይሎችን በአንድነት እንደሚያቃና ሁሉ መጥፎ ሥርዐትም 96ቱን በአንድነት ያበላሻል። ስለሆነም በጅምላ የሚሠራ ሰው በአንድ ናሙና ላይ አስቀድሞ መሞከር፣ በሁለትና በሦስት ላይ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለሁሉም ማዘዝ ይገባዋል። ከእያንዳንዱ የፋይል ስም በስተጀርባ ውጤቱን የሚጠባበቅ ሰው መኖሩን ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ እንዲገነዘብ ማድረግም የመምህሩ ኀላፊነት ነው።