እግሩን የሚያነሳው የበር ቁልፍ

እስኪ አንድ የበር ቁልፍ ላሳያችሁ። ያለው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። የሠራው ጆን ዊልክስ የተባለ የበርሚንግሃም ቁልፍ ሠሪ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1680 ገደማ ነው። በቅርጽ ባጌጠው የናስ ገጹ ላይ የዘመኑን ልብስ የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ዘንግ የያዘ ሰው ቆሟል።

መክፈቻ ይዛችሁ ብትጠጉት ግን ቀዳዳ አታገኙም! የተደበቀች መጫኛ አለች፤ እሷን ስትነኳት የሰውዬው ግራ እግር ይነሳና ከሥሩ ቀዳዳው ብቅ ይላል። ትንሿን መቀርቀሪያ የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ ባርኔጣው ነው፤ ዘንበል ማድረግ ብቻ ይበቃል።

እኔን በጣም የገረመኝ ዘንጉ ነው። ጫፉ የሚያመለክተው ቁጥር የተጻፈበት ክብ ገጽ ላይ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቆጠራው አንድ ይጨምራል፣ እስከ 100 ድረስ። ጌታው ሲወጣ 37ን አይቶ ቢሄድና ሲመለስ 39ን ቢያገኝ፣ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍቷል ማለት ነው። ቆጠራውን ወደ መነሻው የሚመልሰው የሰውዬው የኮት ቁልፍ ነው። እኛ የኮቱንም የበሩንም «ቁልፍ» ብለን በአንድ ስም እንጠራለን፤ እዚህ በእርግጥም አንድ ሆነው ተገኙ። ሌባ ተጭኖ ቢመልሰው እንኳ ጌታው ያየው ቁጥር ስለማይኖር መነካቱ ይታወቃል።

ዊልክስ መቁጠሪያ ማስገባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ጊዜ የነበሩት አብዛኞቹ ቁልፎች መከላከያቸው ውስጣቸው የተተከሉ ቀጫጭን የብረት ጋሬጣዎች ነበሩ። የመክፈቻው ጥርስ በእነሱ መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ብልህ ሌባ ግን ጥርሱን በሞረድ ሞርዶ መቀርቀሪያውን የምትገፋዋን ጫፍ ብቻ ካስቀረ፣ ጋሬጣው ምንም አያግደውም። የተሻለ መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው፤ ሮበርት ባሮን የተባለ ሰው፣ በትክክለኛው ከፍታ ካልተነሱ መቀርቀሪያውን የማይለቁ ማንሻዎች ያሉት ቁልፍ አወጣ። እስከዚያው ጌጥና ምስጢር አብረው ይሠሩ ነበር። የጀርመኗ ኑረምበርግ ባለሙያዎች የሠሯቸውን የብረት ሣጥኖችም ተመልከቱ፤ ፊት ለፊት የሚታየው ቀዳዳ ማታለያ ነው፣ እውነተኛው ክዳኑ ላይ ተሰውሯል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ መቀርቀሪያዎቹን የሚሸፍነው ተፈልፍሎ ያጌጠ የብረት ገጽ ይታያል። በአንድ ዙር ብዙ መቀርቀሪያዎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ስለዚህ ያንን የናስ ሰውዬ እንደ ማስዋቢያ ብቻ አትዩት። እግሩ ቀዳዳ ይሸፍናል፣ ባርኔጣው መቀርቀሪያ ያንቀሳቅሳል፣ ዘንጉ ለጌታው ያሳብቃል። ከላዩ ላይ «ለጌጥ ነው» ብላችሁ ብታነሱት እነዚህ ሥራዎችም አብረውት ይጠፋሉ።

ለንደን ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የሙዚየሙ ቋሚ ስብስብ በነጻ ይጎበኛል። ስትሄዱ ዘንጉ ስንት ላይ እንደቆመ እዩልኝ።