ከጥፋት የተረፈ ታሪክ ጠባቂ

የጠፋበት ሰው የመጠበቅን ዋጋ ያውቃል። የጃዝ ሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት ሚስተር ዳን ሞርገንስተርን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በሙኒክ ተወልደው በቪየና አደጉ። አባታቸው ሶማ ሞርገንስተርን አይሁዳዊ ደራሲ ነበሩ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ አባት ወደ ፈረንሳይ፥ ልጅ ከእናታቸው ጋራ ወደ ዴንማርክ ተሰደዱ። በ1943 የዴንማርክ ሰዎች አይሁድን በጀልባ ወደ ስዊድን ሲያሻግሩ እርሳቸውም ተረፉ። አባትዮው በፈረንሳይ ከታሰሩበት ሰፈር አምልጠው በ1941 ኒው ዮርክ ገቡ፤ ልጃቸውን ግን እዚያ ያገኙት በ1947 ነው።

ሚስተር ዳን ከ1976 እስከ 2012 በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ጥናት ተቋምን እየመሩ፥ ጥቍር አሜሪካውያን የፈጠሩትን ሙዚቃ በሸክላና በጽሑፍ ለትውልድ ጠበቁ፤ በ2024 ዐረፉ። ባዕድ ያዳናቸው ልጅ የሌላውን ሕዝብ መታሰቢያ ማዳናቸው፥ መዝገብ በዐደራ ለተሰጠን ሁሉ ትምህርት ነው።