«ሸርጣን ከጨው በቀር ምን ይፈልጋል?»

በደጋዋ ከተማ በጉንደ ወይን ዙሪያ ላደገ ሰው ሸርጣን እንግዳ ፍጥረት አይደለም። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ድንጋይ የገለበጠ እረኛ ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ሸርጣን በስልክ መጥቷል፦ ሰማያዊ መብራት በበራበት የመስታወት ገንዳ፣ በኮራል መሐል የሚንጎራደድ ቀይና አረንጓዴ ሸርጣን። «እኛም ወንዙም ሸርጣኑም አለን፤ ጨው ጨምረን ብናሳድገውስ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ከጀርባው ያሉት እምነቶች ግን አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው።

«ሸርጣን ያው ሸርጣን ነው፤ የወንዙም ባሕር ይለምዳል።» የደጋው ወንዝ ሸርጣን፣ ሳይንሱ ፖታሞናውቴስ ከሚለው የአፍሪካ ወገን የሆነው፣ ለጥቂት ጊዜ ጨው ቢቋቋም እንኳ ኑሮው እዚያ አይደለም። በዓለም ላይ ባሕር የማያውቁ፣ በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩ ከ1300 በላይ የሸርጣን ዝርያዎች አሉ። ከባሕሮቹ የሚለዩበት ነገር በመራባት ጊዜ ጎልቶ ይታያል። የወንዟ እናት እንቁላሏን ሆዷ ሥር አቅፋ ትቆያለች፤ የሚፈለፈሉትም ጥቃቅን ግን የተሟሉ ሸርጣኖች ናቸው። የባሕሯ ልጆች ግን ሸርጣን የማይመስሉ እጮች ሆነው ውኃው ላይ ይበተናሉ፤ ቅርጻቸውን ደጋግመው ከለወጡ በኋላ ነው ወደ ታች የሚወርዱት። ስለዚህ ወንድና ሴት ገዝቶ እርባታ የሚጠብቅ ሰው ይደክማል፤ እጮቹን ወይ ዓሣው ይለቅማቸዋል፣ ወይ ማጣሪያው ይውጣቸዋል። ጾታውን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ገልብጦ ሆዱን ማየት በቂ ነው፦ ጠባብና ሹል ክዳን ያለው ወንድ፣ ሰፊና ክብ ክዳን ያላት ሴት ናት።

ጨውን በተመለከተ ያለው ስሕተት ከሁሉም ይከፋል። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ባለ 100 ሊትር ገንዳ 3 ኪሎ ተኩል ይጠይቃል ማለት ነው። «ታዲያ ከሱቅ 3 ኪሎ ተኩል ጨው ማምጣት ነዋ!» የሚለው መልስ ወዲያው ይከተላል። አንዳንዱ ደግሞ የሱቁን ጨው የሚፈራው አዮዲን ስላለበት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው አዮዲን ኢምንት ነው፤ የሚጎዳው ያለው ሳይሆን የጎደለው ነው። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። በባሕር ውኃ ግን በሊትር 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1300 ያህል ማግኒዝየም፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ።

የአፋሩ ጨውስ ከራሱ ከባሕር የመጣ አይደለም? ነው እንጂ። ደናክል አንድ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ያለፋቸው የኮራል ቅሪቶች ዛሬም በረሃው ዳር ቆመው ይታያሉ። ኢትዮጵያ የኮራል ሪፍ አላት፣ ደረቅ ነው እንጂ። ነገር ግን ባሕር ሲተን ያለው ሁሉ በአንድ ላይ አይረጋም። መጀመሪያ የካልሲየሙ ውሁዶች ይዘቅጣሉ፤ አሞሌ የሚቆረጥበት ጨው ቀጥሎ ይረጋል፤ ማግኒዝየምና ፖታሽየም የበዛበት ፈሳሽ መጨረሻ ላይ ይቀራል። አሞሌውን ውኃ ውስጥ መልሶ ማሟሟት ባሕሩን አይመልሰውም። ለገንዳ ተብሎ የተቀመመ ጨው ያስፈልጋል፤ የሚበጠበጠውም በተጣራ ውኃ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ ግን ገዳይ ስሕተት አለ። በበጋ የገንዳው ውኃ ሲጎድል ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ይጨመርበታል። የተነነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። በዚህ አያያዝ ጨዋማነቱ በየሳምንቱ ይከርራል። የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው።

«ቅርፉ ጋሻ ነው፤ ሸርጣን ጠንካራ ነው» ይባላል። እኔ እንደማየው ብዙ ሸርጣን የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ጋሻው አያድግም፤ ሸርጣኑ ሲያድግ መጣል አለበት። ከጀርባው በኩል ይሰነጠቃል፣ እንስሳው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ እግሩን አንድ በአንድ ይመዛል፣ ከዚያም ውኃ ጠጥቶ ያብጥና አዲሱን ልብሱን ይወጥራል። ለቀናት ገላው ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ሥር ይደበቃል። ባለቤቱ ደግሞ ጠዋት ተነሥቶ ገንዳው መሐል እግርና መቆንጠጫ የተሟላ «ሬሳ» ያያል። አትጣሉት። ቀላል፣ ውስጡ ባዶና የማይሸት ከሆነ የተጣለ ልብስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሸርጣኑ ራሱ ለካልሲየሙ ሲል ይበላዋል። የተቆረጠ እግር እንኳ ልብሱ ጥቂት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። የዓሣ በሽታ ለማከም የሚጨመር መዳብ ያለበት መድኃኒት ግን ይህን «ጋሻ» አልፎ ይገድለዋል።

«ሸርጣን ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ምግብ አያስፈልገውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አረንጓዴው ኤመራልድ ሸርጣን ሌላው የሚሸሸውን አረፋ መሰል አልጌ ይበላል፤ ሲርበው ግን ኮራሉን መጎርጎር ይጀምራል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተውሶ የሚኖረው ሸርጣንም ተለቅ ያለ ባዶ ቅርፊት ካልተቀመጠለት ቀንድ አውጣውን ገድሎ ቤቱን ሊወርስ ይችላል። በተቃራኒው ትራፔዚያ የሚባሉት፣ በቀይ ባሕርም ያሉት፣ ኮራሉ ቅርንጫፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ ኮራል በላውን ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ እየቆነጠጡ ያባርራሉ።

መርዛማ ነው የሚሉም አሉ። የሸርጣን ቁንጥጫ ያማል እንጂ መርዝ የለውም። ማዕዳችን ላይ የማይቀርበው በኦሪት ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ስለተከለከለ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ በሽታም ከተነሣ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የአንድ ጥቁር ዝንብ እጮች ወንዝ ሸርጣን ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን የቆዳና የዓይን በሽታ የምታስተላልፈው ግን ነካሿ ዝንብ ናት እንጂ ሸርጣኑ አይደለም።

በስልክ የምናያቸው መመሪያዎች የማያነሡት አንድ የደጋ ጉዳይ ይቀራል፦ ከፍታ። ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በ2400 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 26 ዲግሪ የሞቀ ጨዋማ ውኃ በባሕር ዳርቻ ላይ እንኳ በሊትር 7 ሚሊግራም አይሞላም፤ እዚህ 5 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የውኃውን ፊት ያለማቋረጥ የሚያናውጥ ፓምፕ፣ ለደጋው ሌሊትም ማሞቂያ ግድ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በመብራት ነው። መብራት በሄደበት ሌሊት ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። ጉንደ ወይን ላይ ይህን ልሞክር ለሚል ሰው ምክሬ መጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እንዲገዛ ነው። ከዚያ ገንዳውን ያለ ሸርጣን ለሳምንታት ያስኪደው፤ ከእንስሳው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሚደራጁት በዚያ ጊዜ ነው። ባትሪውም ትዕግሥቱም ከሌለ የወንዙን ሸርጣን ወንዙ ውስጥ ማየት ይሻላል፤ ያለ ምንም ወጪ።