ሜምኖን በትሮይ፦ ተረቱና እውነታው

በጎጃም፣ ሉማሜም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ክብር ወግ ሲነሣ በግሪክ አፈ ታሪክ ትሮይን ሊታደግ የዘመተው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን አልፎ አልፎ ይጠቀሳል። ከስሙና ከትሮይ ጦርነት ጋር አብሮ የሚወራው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

ተረት፦ የሜምኖን ዘመቻ በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ተተርኳል።

እውነታ፦ ኢሊያድ የሚያበቃው በትሮዩ ጀግና በሄክቶር ቀብር ነው፤ ሜምኖን የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመቻውን የተረከው ኤቲዮፒስ የተባለ ባለ አምስት መጽሐፍ ግጥም ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች ደራሲው የሚሊጢኑ አርክቲኖስ ነው ይሉ ነበር። ግጥሙ ጠፍቶ ለእኛ የደረሰን አጭር ማጠቃለያውና ጥቂት ስንኞቹ ናቸው። ሆሜር በኢሊያድ የሚያነሣው ኢትዮጵያውያንን በጥቅሉ ነው፦ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ ግብዣቸው ላይ ሊታደም ሄዶ በ12ኛው ቀን ይመለሳል። ሜምኖን በስሙ የሚጠራው በሌላው የሆሜር ግጥም በኦዲሲ ነው፤ እዚያም የሚወደሰው በመልኩ ነው።

ተረት፦ ሜምኖን በግሪኩ ጀግና በአኪለስ እጅ ለመሞት ብቻ የመጣ ተራ ረዳት ነው።

እውነታ፦ እናቱ የንጋት አምላክ ኤዎስ፣ አባቱ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ወንድም ቲቶኖስ ነው፤ ስለዚህ የመጣው ለአጎቱ ከተማ ሊዋጋ ነው። የጦር ትጥቁን እንደ አኪለስ ሁሉ የሠራለት አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ ነው። ሜምኖን፣ አኪለስ የሚወደውን ተዋጊ አንቲሎኮስን ገደለ፤ በአኪለስም ተገደለ። እናቱ ለምናለትም ዜውስ ሕያውነትን ሰጠው። የጎጃምን ፉከራ የሚያውቅ ሰው ምሥጢሩን አያጣውም፦ ፎካሪ የጣለውን ጠላት አያሳንስም፣ ጠላቱ በገዘፈ መጠን የገዳዩ ስም ይገንናልና። ግሪኩ ገጣሚም ሜምኖንን ያገነነው አኪለስን ለማግነን ነው። አኪለስ ራሱም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ በትሮዩ ልዑል በፓሪስና በአምላኩ በአፖሎ እጅ ይወድቃል።

ተረት፦ ሜምኖን በዛሬዋ ኢትዮጵያ ምድር የነገሠ የታሪክ ሰው ነው።

እውነታ፦ ይህን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ግሪኮች ኢትዮጵያውያን የሚሉት የፊታቸው ቀለም የጠቆረ፣ በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦችን ነበር። ሆሜር እንኳ በፀሐይ መውጫና በፀሐይ መግቢያ ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣቸዋል። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ያላት ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለችውን መርዌን ነው፤ የሜምኖን ከተማ ያላት ደግሞ በፋርስ ያለችውን ሱሳን ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በግሪክኛ ጽሑፉ ኢትዮጵያውያን በሚለው ስም የተጠቀመው በ4ኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደተ ክርስቶስ፣ ከእነዚህ ግጥሞች ሺህ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

ተረት፦ ሉክሶር ያሉት የሜምኖን ሐውልቶች የእሱ መታሰቢያ ናቸው።

እውነታ፦ ሐውልቶቹ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው የግብፁ ፈርዖን የ3ኛው አሜንሆቴፕ ናቸው። አንደኛው ተሰንጥቆ ንጋት ላይ ድምፅ ያሰማ ስለነበር፣ ግሪኮችና ሮማውያን ሜምኖን እናቱን ንጋትን ሰላም ሲላት ነው አሉ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን እ.ኤ.አ. በ130 ሊሰማው ሄዷል።

ተረት፦ የእንጨቱ ፈረስና የአኪለስ ተረከዝ ከኢሊያድ የተወሰዱ ናቸው።

እውነታ፦ ሁለቱም እዚያ የሉም። ፈረሱን ኦዲሲ በአጭሩ ያነሣዋል፤ በሰፊው የተረከው ሮማዊው ቨርጂል ነው። አኪለስ ሕፃን ሳለ ተረከዙ ብቻ ሲቀር በወንዝ መነከሩ የተጻፈው ከሆሜር ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ሜምኖን ኢትዮጵያውያን በግሪኮች ሐሳብ ምን ያህል ከፍ ብለው ይታዩ እንደነበር ይመሰክራል፤ በዚህ መኩራት ይገባል። መምህራን ግን ለተማሪዎቻችሁ ስታነሡት በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት።