እውነት ወይስ ተረት? «ኑሮ ለአካባቢ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም»

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያው ባሉ የሜሪላንድ ሰፈሮች ብዙ ወገኖቻችን ልጅ ያሳድጋሉ፣ ቀንና ማታ ይሠራሉ። የአካባቢ ጉዳይ ሲነሳ ግን ከተሳትፎ የሚያርቁ አባባሎች ይሰማሉ።

ተረት፦ «ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ስብሰባ አይሆንለትም።»
እውነት፦ ድካሙ እውነት ነው። ሆኖም ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትገኝበት ለሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ሐሳብን በጽሑፍም ማቅረብ ይቻላል። የመንገድ መብራት ጠፍቶ ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ በጨለማ የሚጠብቁ ከሆነ፣ በእረፍት ሰዓት ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ቁጥር 311 ደውሎ ማመልከት ይበቃል። አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አቤቱታው የተመዘገበበትንም ቁጥር ይያዙ።

ተረት፦ «ዜግነት ሳላገኝ ምን አገባኝ?»
እውነት፦ ምክር ቤት ቀርቦ ለመናገርም ሆነ የወላጆችና መምህራን ማኅበር ለመግባት ዜግነት አይጠየቅም። ጎረቤት ከተማ ታኮማ ፓርክ እንዲያውም ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጡ ከፈቀደች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይንም ያበላሻል።

ተረት፦ «የእኛ ድምፅ ኪሳችን ውስጥ የሚገባ ለውጥ አያመጣም።»
እውነት፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም፤ ዋናው ውሳኔ ያለው 11 አባላት ባሉት የካውንቲው ምክር ቤት እጅ ነው። ይኸው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ፣ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የዓመት የኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ከዚያ በፊት ተከራዮች እየቀረቡ ችግራቸውን አስረድተዋል።

ተረት፦ «ከልጆቼ ጊዜ ይሻማብኛል።»
እውነት፦ በካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ትምህርት ቤቱ በሚቀበለው ሥራ አብረውት ቢውሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት በስላይጎ ክሪክ ዳር ቆሻሻ ቢለቅሙ፣ የልጅዎም የሰፈሩም ጊዜ አንድ ይሆናል።

ዕድር ያሳደገው ሰው የጎረቤትን ጉዳይ ከራሱ ኑሮ ነጥሎ አያይም። ሁሉንም ስብሰባ መከታተል አይጠበቅብዎትም። የሚያሳስብዎትን አንድ ጉዳይ ይምረጡ፣ የምክር ቤት ተወካይዎ ማን እንደሆነ ይወቁ፣ በዚህ ሳምንትም ይጻፉለት።